የፊት ፍሬን ሸራ በቤታችሁ ግቢ እንዴት ይቀየራል?

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። በጋው አቧራ፣ ክረምቱ ጭቃ ነው። ሥራዬ መሀል ከተማ ስለሆነ መኪናዬ በቀን ሁለት ጊዜ ያንን አቧራ ትጠጣለች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ወስጄ የፊት ፍሬን ሸራ አስቀየርኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ስድስት ወር ሳይሞላ ሱሉልታ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት እየወረድን ሳለ ከፊት ቀኝ ጎማ በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትታለች። ባለቤቴ «ኧረ ቀስ በል!» ትለኛለች። ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ተኝተዋል። በከባድ ማርሽ እየጎተትኩ አዲሱ ገበያ እስክንደርስ እጄ በላብ ራሰ።

በማግስቱ አጎቴ መጣ። የከባድ መኪና መካኒክ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጎማውን ፈታና ሁለቱን ሸራዎች የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የውጪው ገና ግማሹ አለ። የውስጠኛው ግን ሙልጭ ብሎ አልቆ፣ ብረቱ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ቦርቡሮታል። ከዚያ ካሊፐሩ (ሁለቱን ሸራዎች ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ብረት) የሚንሸራተትበትን ፒን በመከራ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ግራሶ የሚባል ነገር የለውም። ዝገትና አቧራ ተጋግሮበታል። «ሸራው ምን በደለ? የበላህ ይሄ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ላይ ካሊፐሩ በፍሬን ዘይት የሚገፋ አንድ ፒስተን ብቻ አለው፤ እሱም በውስጥ በኩል። ፍሬን ስትይዙ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ዲስኩ ላይ ይጫናል። ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ስቦ ያመጣዋል። ፒኖቹ ከደረቁ ካሊፐሩ አይንሸራተትም። ሥራው ሁሉ የውስጡ ሸራ ላይ ይወድቃል። አዲስ ሸራ ብትገዙም ይበላዋል። ስለዚህ ይህን ሥራ በቤታችሁ ስትሠሩ ትልቁ ጥቅም ገንዘብ ማዳን ብቻ አይደለም። ማንም የማይሰጠውን ግማሽ ሰዓት ለጽዳትና ለግራሶ መስጠት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፣ ችግሩ በእርግጥ ሸራ ነው?

አዲስ የፊት ሸራ፣ ብረቱን ሳይጨምር፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ቀይሩት። ብዙ ሸራ ላይ ሲያልቅ ዲስኩን እየነካ የሚያፏጭ ትንሽ የብረት ምላስ አለ። ጠዋት ጠዋት ጤዛ ሲመታው ለሁለት ሦስት ፍሬን የሚሰማው ድምፅ አያስፈራም። ቀኑን ሙሉ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ጎማውን ፈትታችሁ እዩ።

ፔዳሉ ስትረግጡት እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ያ የሸራ ጉዳይ አይደለም። አየር ገብቷል ወይም ዘይት ያፈስሳል። መኪናዋን አቁሙና መካኒክ ጥሩ። ፍሬን ስትይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ጠርጥሩ።

ይህ መመሪያ ለፊት ዲስክ ፍሬን ነው። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ የቆየ ኮሮላ፣ ዲዛየር የያዛችሁ ሰዎች አሠራሩ ይመሳሰልባችኋል። የኋላው በአብዛኛው ታምቡሮ (ከበሮ መሰል ፍሬን) ነው፤ እሱ ሌላ ሥራ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት። የእጅ ፍሬናቸው በቁልፍ ተጭነው የሚያዝ አዳዲስ መኪኖች የኋላ ካሊፐራቸው በሞተር ስለሚሠራ በጉልበት መጫን ያበላሸዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ሸራችሁ ቶሎ አያልቅም፤ መኪናዋን በአብዛኛው የሚያዘገየው ሞተሩ ነው። ግን ፍሬኑ ብዙ ስለማይሠራ ፒኖቹ ይደርቃሉ፤ እነሱን ማየት አትርሱ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ያለችንን አሮጌ መኪና በእንክብካቤ መያዝ የግድ ሆኗል።

ሸራ ስትገዙ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ብትሄዱ የማይገኝ ሸራ የለም። ችግሩ የትኛው የእናንተ ነው የሚለው ነው። «የቪትዝ ስጠኝ» ማለት አይበቃም። አንድ ስም ያላቸው መኪኖች በዓመተ ምርትና በሞተር ዓይነት የተለያየ ሸራ ይወስዳሉ። ሊብሬውን ፎቶ አንሱና የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ አሮጌውን ሸራ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱ። በእጅ ይዞ ማመሳሰል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚሄድላችሁ ወንድም ወይም ጎረቤት ካለ መኪናዋ በብረት ማቆሚያ ላይ ተነስታ እያለች አሮጌውን አስይዛችሁ መላክ ትችላላችሁ።

ሸራውን ከካርቶኑ አውጥታችሁ እዩት። ዙሪያው ከብረቱ ጋር እኩል ተጣብቋል? ስንጥቅ አለው? ጥፍራችሁን ስታስኬዱበት ይፈረፈራል? ከፈረፈረ መልሱ። ጠርዙ ወይም ጀርባው ላይ ከቁጥሮች ጋር ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለምሳሌ ኤፍ ኤፍ ወይም ጂ ጂ። የመጀመሪያው ሸራው ቀዝቀዝ ሲል፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ ኃይል ይናገራል። ኢ ደካማ ነው፣ ኤፍ መካከለኛ፣ ጂ ጠንካራ። እንጦጦን ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ሁለተኛው ፊደል ከኤፍ ባያንስ እመርጣለሁ። ፊደሉን ማንም ሊያትመው ይችላል፤ ስለዚህ ከምታምኑት ሻጭ ግዙ፣ ደረሰኝም ያዙ። ሁልጊዜ የሁለቱንም ጎማ ሸራ፣ አራቱን ባንዴ ነው የምትቀይሩት። የአንዱን ብቻ መቀየር መኪናዋን ወደ አንድ ጎን ያስጎትታታል።

አብራችሁ ለፍሬን ፒን የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ ግዙ። ይህን አደራ እላለሁ። ቤት ያለው ተራ ግራሶ የፒኑን የጎማ ሽፋን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፒኑን አንቆ ይይዘዋል። ትንሿ ቱቦ ለብዙ ጊዜ ትበቃችኋለች።

የቀረው ዕቃ ይሄ ነው፦ ክሪክ፣ የብረት ማቆሚያ፣ ሁለት ታኮ፣ የጎማ መፍቻ፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ሞርሴቶ (በብሎን እየጠበቀ የሚጨምቅ መያዣ)፣ የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ጠንካራ ሽቦ፣ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ መርፌ የሌለው ትልቅ ስሪንጅ። ማቆሚያና ሞርሴቶ ከሌላችሁ ተዋሱ። ሞርሴቶ የሰፈር አናጢ ጋ አይጠፋም።

ቦታው፣ ክሪኩና ብሎኬቱ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሸራ በተሳሳተ መንገድ ቢገጠም ምልክት ይሰጣል። ክሪክ ሲወድቅ ግን ምልክት የለውም።

የኛ አካባቢ አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ድንጋይ ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ቂቤ ነው። በክረምት ክሪክ ብታቆሙበት ዓይናችሁ እያየ ይሰምጣል። ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ ላይ ሥሩ። ከሌለ ከክሪኩም ከማቆሚያውም ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ቦታው ሜዳ መሆን አለበት፤ ትንሽ ተዳፋት እንኳ አይሁን።

ብሎኬት ከመኪና ሥር አታድርጉ። ሰፈር ውስጥ ግንባታ ስለማይቋረጥ ብሎኬት እንደልብ ነው፤ ሰውም እጁ የሚገባለት እሱ ነው። ግን ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ባንዴ ይፈርሳል። ድንጋይ መደራረብም እንደዚያው። ማቆሚያ ካላገኛችሁ ሥራውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁለቱ ጎማ ሦስት ሰዓት ይፈጅባችኋል። በክረምት ከምሳ በኋላ መጀመር በዝናብ መሀል ጎማ ፈትቶ መቆም ነው።

የእጅ ፍሬን ያዙ። ማንዋል ከሆነች አንደኛ ማርሽ አስገቡ፤ አውቶማቲክ ከሆነች ፓርኪንግ ላይ አድርጉ። የኋላ ጎማዎችን በታኮ ከፊትም ከኋላም አስደግፉ። መኪናዋ መሬት ላይ እያለች የጎማውን ዳዶዎች ሩብ ዙር ያህል ብቻ አላሉ። ከተነሳች በኋላ በጉልበት መጎተት ከክሪኩ ላይ ሊጥላት ይችላል። ከዚያ ክሪኩን ከፊት ጎማ ኋላ፣ ከበሩ ሥር ባለው ጠንካራ ጠርዝ ላይ አድርጉ። ጠርዙ ላይ ለዚሁ የተሠሩ ሁለት ጉድጉድ ያሉ ምልክቶች ታገኛላችሁ። ጎማው ከመሬት ሲለቅ ማቆሚያውን ጠንካራ የሻንሲ ክፍል ሥር አስገቡና መኪናዋን እላዩ ላይ አሳርፉ። ጎማውን አውጥታችሁ ከበሩ ሥር አጋድሙት፤ የሆነ ነገር ቢፈጠር መኪናዋ እሱ ላይ ታርፋለች። አሁን መኪናዋን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉ። ካልተንቀሳቀሰች ቁጭ ብላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ልጆችን ከአካባቢው አርቁ።

ካሊፐሩን መፍታት

መሪውን ካሊፐሩ ወደ ውጭ ወጥቶ እስኪታያችሁ ድረስ አዙሩት። ምንም ሳትነኩ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የትኛው ክሊፕ የት እንደነበር ከአንድ ሰዓት በኋላ አታስታውሱትም። አንዱን ጎማ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ፤ ሁለቱን ባንዴ አትፍቱ። ግራ ሲገባችሁ ያልተፈታው ወገን ምስክር ይሆናችኋል።

ኮፈኑን ክፈቱና የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ዙሪያ በጨርቅ ጠርጋችሁ አላሉት። ዘይቱ ከላይኛው መስመር አጠገብ ከሆነ በስሪንጅ ጥቂት ቅዱለት፤ ፒስተኑን ስትመልሱ ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመጣ ይገነፍላል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ጠብ ካለ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት።

ከካሊፐሩ ኋላ ላይና ታች ሁለት ብሎኖች አሉ። በብዙ ቶዮታ 14 ቁጥር ናቸው፤ 12 የሚሆኑበትም አለ። ስትፈቱ ፒኑ አብሮ የሚዞር ከሆነ በ17 ቁጥር ያዙት። ሁለቱንም አውጡና ካሊፐሩን ወዘወዝ እያደረጋችሁ ሳቡት። አልላቀቅ ካለ በካቻቢቴ ሸራውንና ዲስኩን በጥቂቱ ፈልቅቁ። እንደወጣ በሽቦው ከሞላው ላይ እሰሩት። በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዲቀር አትተዉት፤ ቱቦው ውስጡ ቢቀደድ ከላይ አይታይም።

ሸራዎቹን አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የውስጡና የውጪው ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ፒን ወይም ፒስተን እየያዘ ነው ማለት ነው። አንዱ ሸራ ራሱ እንደ ሽብልቅ አንድ ጫፉ ከሳሳ ደግሞ መቀመጫው ላይ አልተንሸራተተም።

ዲስኩን በጣታችሁ ዳብሱት። ጥልቅ ቦይ ካለው፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ሙቀት አግኝቶ ሰማያዊ ከመሰለ አያገለግልም። የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። ከዚያ ከሳሳ ሁለቱንም ዲስክ ቀይሩ። የፒስተኑን የጎማ ሽፋን ተመልከቱ። ከተቀደደ ወይም ዙሪያው በዘይት ከረጠበ እዚህ ላይ አቁሙና ባለሙያ ጥሩ።

ጽዳቱ

አቧራውን አፋችሁንና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። በአፍ ወይም በጎሚስታ ንፋስ አትንፉት። በአንዳንድ ሸራ፣ በተለይ በቆየው፣ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ።

ሸራው የሚቀመጥበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ። ትናንሾቹን ክሊፖች አውጥታችሁ ከሥራቸው ያለውን ዝገት አንሱ። ዝገቱ እዚያ ካለ አዲሱ ሸራ ይጠብባል፤ የጠበበ ሸራ ፍሬን ስትለቁም ዲስኩን አይለቅም። አዲስ ክሊፕ ከሸራው ጋር ከመጣ እሱን ተጠቀሙ።

ከዚያ ፒኖቹ። አንድ በአንድ ሳቧቸው። የላዩና የታቹ የሚለያዩበት መኪና አለ፣ አታቀያይሯቸው። አሮጌውን ግራሶ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ጥረጉ። ቀዳዳውንም ጨርቅ በቀጭን እንጨት ጠምጥማችሁ አጽዱ። ዝገት የበላውን ፒን አትመልሱት፣ ቀይሩት። የሲሊኮኑን ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና መልሱ። በሁለት ጣት ስትገፉትና ስትስቡት ያለ ትግል መሄድ አለበት። የፒኑ የጎማ ሽፋን ከንፈር ቦዩ ውስጥ በደንብ መግባቱን እዩ፤ ካልገባ ውሃና አቧራ ይገባና ከወራት በኋላ እዚያው ትመለሳላችሁ።

ፒስተኑን መመለስና አዲሱን ሸራ መግጠም

አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ ለጥፉና በሞርሴቶ ቀስ እያላችሁ ጫኑ። ሩብ ዙር፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሩብ ዙር። አንድ ሰው የዘይቱን ዕቃ ይመልከትላችሁ። ፒስተኑ ከካሊፐሩ ጋር እኩል ሲሆን በቃ። በጣም ከከበደ በጉልበት አትግቡበት፤ ፒስተኑ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

አዲሶቹን ሸራዎች ስትገጥሙ ሸካራው ፊት ወደ ዲስኩ ነው። ይህን የምለው በሚጣደፍ እጅ ተገልብጦ የሚገጠምበት ጊዜ ስላለ ነው። የሚያፏጨው የብረት ምላስ በብዙ መኪና በውስጥ በኩል ይሆናል፤ ፎቷችሁን ተመልከቱ። ከጀርባ ያለችውን ስስ ቆርቆሮ አትጣሏት፣ ጩኸት የምትቀንሰው እሷ ናት። ግራሶ ሸራው በሚንሸራተትባቸው ጆሮዎችና በጀርባው ላይ በጣም ስስ ሆኖ ይቀባል። ሸካራው ፊትና ዲስኩ ላይ ጠብታ እንዳይደርስ። ሸራ ግራሶ ወይም ዘይት ከጠጣ ጥሎ ሌላ መግዛት ነው። ሸራው በእጅ ግፊት ብቻ መግባት አለበት። መዶሻ የሚያስፈልገው ከሆነ ወይ ጽዳቱ ይቀራል ወይ ሸራው የእናንተ አይደለም።

ካሊፐሩን መልሱ፤ ቱቦው አለመጠምዘዙን እዩ። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ጀምሯቸው። በብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች የማጥበቂያው ልክ 34 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የጎማው ዳዶ ደግሞ 103። የመኪናችሁ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ የሚለካ ቁልፍ) ከሌላችሁ የካሊፐሩን ብሎን በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ጠበቅ አድርጉ፤ ረጅም ቧንቧ አትቀጥሉበት። የጎማውን ዳዶ በመስቀለኛ ተራ አጥብቁ፣ መኪናዋን አውርዱ፣ ከዚያ መሬት ላይ ሆና ጨርሱት። ወደ ሌላው ጎማ እለፉና ሁሉንም ድገሙት።

ሞተር ከመነሳቱ በፊት

ፔዳሉን ርገጡ። የመጀመሪያው ባዶ ሆኖ ወለል ይደርሳል፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ ነው። ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እስኪጠነክር ድረስ። ይህን ሳያደርግ ማርሽ ያስገባ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን የሚይዘው በጎረቤት አጥር ነው። የኛ ግቢ በር ወደ ቁልቁለት ስለሚከፈት እኔ ፔዳሉን ጠንካራ ሆኖ ሳላገኘው ቁልፍ አላስገባም።

የዘይቱን ልክ በሁለቱ መስመሮች መካከል አድርጉና ክዳኑን ግጠሙ። ከጎደለ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ጨምሩ፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ሊሆን ይችላል። ከታሸገ አዲስ ዕቃ ይሁን፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ከፍታችሁ ያቆያችሁት አይሆንም። የሞተር ዘይት አንድ ጠብታ እንኳ አትጨምሩ፤ የፍሬኑን ጎማዎች በሙሉ ያበላሻል።

አሁን በግቢ ውስጥ በእግር ፍጥነት ሂዱና ፍሬን ያዙ። ቀጥ ብላ ከቆመች እሑድ ማለዳ፣ ሰው የሌለበት ሰፊ መንገድ ላይ ውጡ። ኋላችሁን እያያችሁ በሰዓት ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በመካከለኛ ፍሬን አውርዱ። ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ግማሽ ደቂቃ ነድታችሁ ድገሙት፤ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ። ከዚያ ፍሬን ሳትይዙ ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። ሸራው ዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን የሚያስይዘው በዚህ ጊዜ ነው። ትንሽ የመቃጠል ሽታ ቢሸታችሁ አትደንግጡ።

ስትመለሱ እጃችሁን ወደ ሁለቱ ቸርኬዎች አስጠጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌላው በጣም የሚግል ከሆነ በዚያ በኩል የሆነ ነገር ይዟል፤ እንደገና ፈትታችሁ እዩት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳች በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን መልሳችሁ አጥብቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ተጠግቶ መንዳት አይሁን፣ እንጦጦን የመሰለ ቁልቁለትም ካልቸገረ ይቆይ። ስትወርዱ ደግሞ በከባድ ማርሽ ይሁን፤ ሸራውን ያለማቋረጥ ማጋል የመያዝ ኃይሉን ያሳጣዋል።

ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ከሊብሬው ጋር አስቀምጣለሁ። ክረምት ሲወጣ፣ ጭቃው እንደደረቀ፣ ሸራው ባያልቅም ጎማዎቹን ፈትቼ ፒኖቹን አያለሁ። ባለፈው መስከረም ስፈታ የውስጡም የውጪውም ሸራ 7 ሚሊ ሜትር ነበሩ። ፒኖቹን ጠርጌ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቼ መልሼ ገጠምኳቸው።